የካሜራ ቦርሳ ሲገዙ ምን ያስተውላሉ?



ዛሬ ፎቶ ማንሳት ለብዙ ወጣት ወንድሞችና እህቶች የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ መሆኑ ቀርቶ እንጀራ ሆኗል። አንዱ ዕቁብ ሲወጣለት፣ ሌላው ዐረብ አገር ያለች እህቱ በላከችለት ገንዘብ፣ ሌላዋ ደግሞ ቤተሰቦቿ ተጋግዘው በገዙላት ካሜራ ሥራ ይጀምራሉ። በኒካሕና በሠርግ በሴቶቹ በኩል የምታነሳ እህት ስትገኝ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ደስ ይለዋል። ይሁንና ካሜራውን ለመምረጥ ወራት የፈጀ ሰው መያዣውን ለመምረጥ ግማሽ ቀን እንኳ ሲያጠፋ አይታይም። ከትምህርት ቤት የተረፈ ቦርሳ ይነሳል፤ ካሜራው በሻርፕ ተጠቅልሎ ይገባል፤ ቻርጀሩና ቁልፉ ከላዩ ይወረወራሉ፤ ጉዞ ይጀመራል።

ውጤቱ የሚታየው ሥራው ላይ ነው። ታክሲ ላይ አንድ ጊዜ ወለል የመታ ሌንስ ትኩረቱን መያዝ ይሳነዋል። ዚፑ መንገድ ላይ የተፈነቀለ ቦርሳ ዕቃውን አስፋልት ላይ ይዘረግፋል። ዕቃው በገንዘብ ይተካ ይሆናል፤ በዚያ ቀን ሳይነሳ የቀረው ኒካሕ ግን አይደገምም። ፎቶ አንሺው የተቀበለው የሰው አማና ነው፤ አማናን ለመጠበቅ ደግሞ ሰበብ ማድረስ ግድ ይላል። እንግዲህ ጥሩ የካሜራ ቦርሳ በምን ይታወቃል? እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ከሁሉ በፊት ሚዛን

ቦርሳ ከመምረጥዎ በፊት የሚሸከሙትን ዕቃ ይወቁ። ለምሳሌ በሠርግ ሥራ ብዙ የሚታየውን ካነን 5ዲ ማርክ 4 እንውሰድ። ካሜራው ከነባትሪው 890 ግራም ያህል ይመዝናል። ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሆነው ኤፍ 2.8 ሌንስ (ሁለተኛው ዓይነት) 805 ግራም፣ ከ70 እስከ 200 የሆነው ኤፍ 2.8 ሌንስ (ይኸኛውም ሁለተኛው ዓይነት) 1490 ግራም ነው። 600ኢኤክስ 2 የሚባለው ፍላሽ ያለ ባትሪ 435 ግራም አለው። እነዚህ አራቱ ብቻ 3 ኪሎ ከ620 ግራም ሆኑ። ለመጠባበቂያ ሁለተኛ ካሜራ ከተጨመረ 4 ኪሎ ተኩል ያልፋል። ቻርጀር፣ ትርፍ ባትሪዎችና ላፕቶፕ ሲታከሉ፣ የራሱ የቦርሳው ክብደት ሲደመር ከ7 ኪሎ በላይ መሆኑ የማይቀር ነው።

መስታወት የሌላቸው አዳዲሶቹ ካሜራዎች ቀለል ይላሉ፤ ሶኒ ኤ7 3 ከነባትሪው 650 ግራም ነው። ሌንሶቹ ግን እምብዛም አልቀለሉም። ስለዚህ ዕቃዎን በሙሉ አንድ ላይ ሰብስበው በሰፈርዎ ሱቅ ሚዛን ላይ ያስመዝኑ፤ አልጋ ላይ ደርድረውም ርዝመቱንና ስፋቱን ይለኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ሌንስ የሚጨምር ቦታ ብቻ ይተዉ። ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ የሆነ ቦርሳ ባዶ ቦታው ያጓጓል፤ ባዶው በማያስፈልግ ዕቃ ይሞላል፤ ሸክሙን የሚችለው ደግሞ የእርስዎ ወገብ ነው።

ጨርቁ

ቦርሳዎች ላይ በተንጠለጠለው ካርድ 500፣ 1000 ወይም 1680 ዲኒየር የሚል ቁጥር ይጻፋል። ዲኒየር የክር ውፍረት መለኪያ ነው፤ 9000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር በግራም ስንት ይመዝናል ማለት ነው። ባለ 1000 ዲኒየር ክር 9000 ሜትሩ 1 ኪሎ ይመዝናል። ቁጥሩ ሲበዛ ጨርቁ ይወፍራል፤ ክብደቱም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብሎ መደምደም አያስኬድም። ለከተማ ሥራ ጥሩ የ500 ዲኒየር ናይለን ይበቃል፤ ድንጋይና እሾኽ ባለበት ለሚሠራ ሰው ወፈር ያለው ይመረጣል።

የክሩ ዓይነትም ይለያያል። ናይለን መፋተግን በመቋቋም ከፖሊስተር ይበልጣል፤ ፖሊስተር ደግሞ የፀሐይን ጨረር በመቋቋም ይሻላል። ኮርዱራ የሚባለው በጥንካሬው የታወቀ የናይለን ጨርቅ ነው። ባሊስቲክ ናይለን የሚባለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአየር ኃይል ሠራተኞች መከላከያ ሰደርያ ተብሎ የተሠራ ነው። ወፍራም የጥጥ ሸራም የራሱ ወዳጆች አሉት። ጂም ዶምኬ የተባለው አሜሪካዊ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራው የሸራ ቦርሳ በጋዜጠኞች ዘንድ ስሙ የገነነ ነው። ሸራ ግን ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ለመድረቅም ቀን ይፈጅበታል።

ካርዱን ብቻ አይመኑ። ቦርሳውን ገልብጠው የጨርቁን ውስጠኛ ፊት ይመልከቱ። ውኃ እንዳያሳልፍ የተቀባው ስስ ልባስ እኩል የተቀባ መሆን አለበት፤ በጥፍር ሲነካ የሚቀረፍ ወይም ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ቦርሳው አርጅቷል ወይም መጋዘን ውስጥ እርጥበት አግኝቶታል።

ስፌቱ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል። ቦርሳም የሚቆመው በክሩ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚለቀውም ጨርቁ ሳይሆን ስፌቱ ነው። በተለይ ሦስት ቦታዎችን ይፈትሹ። አንደኛው ማንገቻው ከላይ ከቦርሳው ጋር የተያያዘበት ነው። ሁለተኛው የእጅ መያዣው የተሰፋበት ነው። ሦስተኛው የማንገቻው የታችኛው ጫፍ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ክሩ ወዲህና ወዲያ ተመላልሶ ጥቅጥቅ ያለ መስመር ወይም በአራት ማዕዘን ውስጥ የመስቀለኛ ቅርጽ መሥራት አለበት። አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ይተዉት።

ከዚያም ውስጡን ይመልከቱ። የጨርቁ ጠርዝ በጥብጣብ ተጠቅልሎ ከተሰፋ ሠሪው ተጠንቅቋል ማለት ነው፤ ጠርዙ እንዲሁ ተቆርጦ ተርትሮ ከቀረ ግን ክሩ ቀስ በቀስ ይመዘዛል። ማንገቻውን በአንድ እጅ፣ የቦርሳውን ራስ በሌላው ይዘው ጠንከር አድርገው ይሳቡ። ስፌቱ ተከፍቶ በመርፌው ቀዳዳ በኩል ብርሃን ከታየ፣ ሰባት ኪሎ ሲሸከም የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ዚፑ

ርካሽ ቦርሳን ከጥሩው በፍጥነት የሚለየው ዚፑ ነው። ታዳኦ ዮሺዳ የተባለው ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1934 ቶኪዮ ላይ የመሠረተው ዋይ ኬ ኬ የተባለው ኩባንያ በዚህ ሙያ የታወቀ ነው፤ ሦስቱ የላቲን ፊደላት በብዙ ጥሩ ቦርሳዎች የዚፕ መጎተቻ ላይ ተቀርጸው ይታያሉ። ነገር ግን ፊደል መቅረጽ ለአስመሳዩም አያቅተውም። ስለዚህ ከጽሑፉ ይልቅ ሥራውን ይፈትኑ።

ዚፕ በቁጥር ይጠራል፤ 5፣ 8 እና 10 እየተባለ። ቁጥሩ ጥርሱ ሲገጥም ያለውን ስፋት በሚሊ ሜትር በግምት ያመለክታል። ለዋናው መክፈቻ 8 ወይም 10 ቁጥር፣ ለትንንሾቹ ኪሶች 5 ቁጥር ይበቃል። ሱቁ ውስጥ እንዳሉ ቦርሳውን ሞልተው በአንድ እጅ ሃያ ጊዜ ያህል ይክፈቱት፣ ይዝጉት። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ የሚይዝ፣ ወይም ከኋላው ጥርሱ የሚከፈት ከሆነ ያ ጉድለት አብሮዎት የሚኖር ነው። ዋናው ዚፕ ሁለት መጎተቻ ቢኖረው ይመረጣል፤ አንዱ ቢበላሽ በሌላው ይሠራሉ፤ ሁለቱን በትንሽ ቁልፍ ማያያዝም ይቻላል።

ውስጡና ስፖንጁ

ለፎቶ ዕቃ የሚሆን በስፖንጅ የተሸፈነ ለስላሳ ቦርሳ እንዲስፋፋ ካደረጉት አንዱ ተራራ ወጪና ፎቶ አንሺ የነበረው ግሬግ ሎው ነው፤ ሎውፕሮ የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ውስጥ መሠረተ። የተራራ ወጪዎች የጀርባ ቦርሳና የፎቶ አንሺዎች ሳጥን የተገናኙት በእንዲህ ዓይነት ሰዎች እጅ ነው።

ስፖንጁን በአውራ ጣት ይጫኑት። ወዲያው ሟምቶ ከሥሩ ያለው ጠንካራ ነገር ከተሰማዎት ካሜራን አያድንም። ጥሩው ስፖንጅ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሲጫኑት ይገፋል፣ ሲለቁት ቶሎ ይመለሳል። ከሁሉም በላይ የቦርሳውን መቀመጫ ይዳስሱ። ቦርሳ ሲቀመጥ መሬቱን የሚመታው በሥሩ ነው፤ ነጋዴው ስፖንጅ የሚቆጥበውም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው።

ውስጡን የሚከፋፍሉት ግድግዳዎች በቬልክሮ የሚለጠፉና የሚነሱ መሆን አለባቸው። የቬልክሮ ታሪክ ራሱ አስገራሚ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዦርዥ ደ ሜስትራል ከአደን ሲመለስ በልብሱና በውሻው ጠጉር ላይ የተጣበቀውን የተክል ፍሬ በማይክሮስኮፕ አየው፤ እኛ አገር ጨጎጊት ልብስ ላይ እንደሚጣበቀው ማለት ነው። ያንን ተመልክቶ የሠራው ማያያዣ እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብት ተሰጠው። እርስዎም ሲገዙ ግድግዳውን ለጥፈው ይጎትቱት፤ በቀላሉ ከለቀቀ ሌንሶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ሲደረድሩም ብረት ከብረት እንዳይነካካ ያድርጉ። እያንዳንዱ ሌንስ የራሱ ክፍል ይኑረው፤ ከነክዳኑ ይቀመጥ። ከባዱ ሌንስ ወደ ጀርባዎ ቀረብ፣ ወደ መካከል ከፍ ብሎ ይሁን። ከባዱ ዕቃ ከጀርባ በራቀ ቁጥር ትከሻን ወደ ኋላ ይጎትታል።

ትከሻና ወገብ

አንድ የሠርግ ቀን ከጧት እስከ ማታ ነው። ሰባት ኪሎ በትከሻ ብቻ የተሸከመ ሰው ማታ አንገቱን ማዞር ያቅተዋል፤ ዓመት ሙሉ ሲደጋገም ደግሞ ሕመሙ ይከርማል። በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠለው ቦርሳ በዚህ በኩል ይብሳል፤ ሰውነትን ወደ አንድ ጎን ያጋድላል።

ጥሩ የጀርባ ቦርሳ ሸክሙን ከትከሻ ወደ ዳሌ ያወርዳል። ይህን የሚያደርገው የወገብ ቀበቶው ነው። ቀበቶው ስፖንጅ ያለውና ሰፊ ይሁን፤ ስስ ጥብጣብ ብቻ ከሆነ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ ከመያዝ በቀር ክብደት አይሸከምም። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ሁሉንም ማንገቻ ያላሉ፤ ቦርሳውን ይዘሉ፤ በመጀመሪያ ቀበቶውን በዳሌ አጥንት ላይ ያጥብቁ፤ ቀጥሎ የትከሻውን ማንገቻ ጀርባዎን እስኪነካ ይሳቡ፤ በመጨረሻ የደረቱን ማያያዣ ይግጠሙ። ቀበቶው ከእምብርት በላይ ከወጣ ወይም ከዳሌ በታች ከወረደ ቦርሳው ለቁመትዎ አልተሠራም።

ባዶ ቦርሳ ሁሉ ይመቻል። ስለዚህ ዕቃዎን ወይም አምስት ኪሎ ስኳር ይዘው ይሂዱና ሞልተው ሱቁ ውስጥ ሩብ ሰዓት ይመላለሱበት። ሥራ ላይ የሚለብሱትንም ልብስ ለብሰው ይሞክሩ። በተለይ እህቶች ሰፊ ዓባያ ላይ ቀበቶው ይንሸራተት እንደሆነ፣ የደረቱ ማያያዣ ሒጃቡን ይስብ እንደሆነ አስቀድመው ይዩ። ማያያዣው ከፍና ዝቅ ማለት የሚችል ቦርሳ ይህን ችግር ያቃልላል።

በየት በኩል ይከፈት?

ቦርሳው በየት በኩል እንደሚከፈት መወሰን ያለበት እንደ ሥራው ነው። ከፊት የሚከፈተው ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ነገር ግን ሰው በበዛበት ቦታ ከኋላዎ ያለ ሌባም ሊከፍተው ይችላል። ከጀርባ በኩል የሚከፈተው፣ እንዳዘሉት ማንም አይደርስበትም፤ መሬት ላይ አስተኝተው ሲከፍቱትም ጭቃው የሚነካው የፊቱን ገጽ እንጂ ጀርባዎ ላይ የሚያርፈውን አይደለም። ለመርካቶ፣ ለታክሲና ለአውቶቡስ ተራ ይህ ይመረጣል። ከጎን የሚከፈተው ቦርሳውን ሳያወርዱ አንዱን ማንገቻ ለቀው ካሜራ ለማውጣት ያመቻል፤ ሙሽሮች በድንገት ሲመጡ ይጠቅማል።

ካሜራ መያዣ መሆኑን በትልቅ ጽሑፍ የሚያውጅ ቦርሳ አይምረጡ። ተራ የተማሪ ቦርሳ የሚመስለው ሌባን አይጠራም።

ዝናብ፣ አቧራና እርጥበት

ውኃ የሚቋቋም እና ውኃ የማያስገባ የሚሉት ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አብዛኞቹ የካሜራ ቦርሳዎች ካፊያ ይቋቋማሉ እንጂ የሐምሌን ዶፍ አይችሉም፤ ውኃው በዚፑና በስፌቱ ቀዳዳ ይገባል። ስለዚህ ከሥሩ ካለች ኪስ የሚወጣ የዝናብ ልባስ ያለውን ይምረጡ። ከሌለው አንድ ወፍራም ላስቲክ በቦርሳው ውስጥ አይጥፋ።

ከዝናቡ ይልቅ በቀስታ የሚያጠፋው እርጥበት ነው። አየሩ እርጥብ ሆኖ በሚቆይበት፣ ጨለማና የታፈነ ቦታ ላይ ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል፤ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ መስታወቱን ይበላዋል። የረጠበ ቦርሳ ውስጥ ካሜራ አስቀምጦ ክረምቱን መክረም ሻጋታን መቀለብ ነው። ከዝናብ ሲገቡ ዕቃውን ያውጡ፤ ቦርሳውን ገልብጠው በጥላ ያድርቁ። እርጥበት የሚመጡትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶችም ይጨምሩበት፤ ከአዲስ ጫማና ከኤሌክትሮኒክስ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት ናቸው። ቦርሳው ራሱም ይጠቀማል፤ በጨርቁ ውስጥ የተቀባው ልባስ እርጥበት ሲሰነብትበት ተበላሽቶ ይጣበቃል።

በቆላና በበረሃ ጠላቱ አቧራ ነው። ቦርሳውን ከፍተው አይተዉ፤ ሌንስ ሲቀይሩ ጀርባዎን ለነፋሱ ይስጡ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል፤ በማቀዝቀዣ ከቀዘቀዘ ቤት ወደ ሞቃቱና እርጥቡ አየር ሲወጡ ሌንሱ በጤዛ ይሸፈናል። መፍትሔው ካሜራውን በተዘጋው ቦርሳ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው፤ ስፖንጁ ሙቀቱን ቀስ እያለ ያስገባዋል።

በአውሮፕላን ሲጓዙ

ካሜራና ሌንስ ከሻንጣ ጋር አይላክም፤ በእጅ ይያዛል። ለዚህ የቦርሳው መጠን ይወስናል። ብዙ አየር መንገዶች በተራው መቀመጫ የሚፈቅዱት በእጅ የሚያዝ ሻንጣ ርዝመቱ ወደ 55፣ ወርዱ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 7 ኪሎ ገደማ ነው፤ ውፍረቱ እንደየአየር መንገዱ ስለሚለያይ ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ። ባዶው ብቻ 3 ኪሎ የሚመዝን ቦርሳ የተፈቀደውን ግማሽ ያህል ለራሱ ወሰደው ማለት ነው።

ትርፍ የሊቲየም ባትሪዎች ደግሞ በሻንጣ ክፍል መጫን ክልክል ነው፤ ከእርስዎ ጋር መሆን አለባቸው። እያንዳንዳቸው እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያሉት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፔር ሰዓት ያባዙ። 7.2 ቮልትና 2.28 አምፔር ሰዓት ያለው የሶኒ ባትሪ 16.4 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ከገደቡ እጅግ ያነሰ ነው። የባትሪዎቹ ጫፍ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እንዳይነካካ እያንዳንዱን በየክዳኑ ወይም በየላስቲኩ ይያዙ።

አቅም ለሌለው

ውድ ውጭ አገር ሠራሽ ቦርሳ ካልተገዛ ሥራ አይሠራም ማለት አይደለም። ስፌቱና ዚፑ ጠንካራ የሆነ ተራ የጀርባ ቦርሳ ይግዙ፤ ውስጡን በሴንቲ ሜትር ይለኩ፤ ከዚያ ለሙያተኛ ቦርሳ ሰፊ ልኩን ሰጥተው ወፍራም ስፖንጅ በጨርቅ ተለብጦ፣ ግድግዳዎቹ በቬልክሮ የሚነሱ ሣጥን መሰል መያዣ ያሰፉ። ይህ መያዣ ቦርሳው ሲያረጅ ወደ ሌላው ይዛወራል። ቆዳ ማማሩ ባይካድም ለዚህ ሥራ ይከብዳል፤ ውኃም አይወድም።

ያገለገለ ቦርሳ የሚገዛም ሰው ከላይ የተዘረዘሩትን ፍተሻዎች ሁሉ ያድርግ፤ በተጨማሪ ውስጡን ያሽትት። የሻጋታ ሽታ ካለው ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለሌንስዎ አይመከርም።

ከገዙ በኋላ

ቦርሳው ጥሩ ስለሆነ ጥንቃቄ አይቀርም። ስምዎንና ስልክዎን ጽፈው ውስጥ ያስቀምጡ። ፎቶ የሞላበትን ሚሞሪ ካርድ ከቦርሳው ለይተው በራስዎ ኪስ ይያዙ፤ ቦርሳው ቢጠፋ እንኳ የቤተሰቡ ፎቶ ይተርፋል። ቦርሳውን መኪና ውስጥ ትተው አይሂዱ። ዕቃው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ባዶ ቦታ ሲያዩ የጎደለውን ወዲያው ያውቁታል። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ቦርሳውን አራግፉ፣ ማንገቻውንና ዚፑን እዩ፤ የላላ ክር ሲያገኙ ዛሬውኑ ያሰፉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ይህ ሁሉ የሚደረገው ከሥራው ዋዜማ በፊት ነው።

በሚቀጥለው ዒድ ወይም ኒካሕ ካሜራ ይዘው የምትወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ቢቀር አንድ ነገር ዛሬ ማታ አድርጉ፦ ቦርሳችሁን ባዶ አድርጋችሁ ሥሩን ዳስሱ፣ ማንገቻውን ሳቡ፣ ዚፑን ሃያ ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ካለፈ እሰየው፤ ካላለፈም ቤታችሁ እያላችሁ አወቃችሁት። ሥራችሁን አላህ ያቅናላችሁ።